በረዶ መላሹ እስከ መስቀል አይዋሽም

የእህቴ ልጅ ስልኳ ላይ የምትጫወተው ጌም አለ። አስማተኛ ትመርጥና ልብስ አልብሳ፣ በትር አስይዛ ታዋጋዋለች። ሰሞኑን አጠገቤ ተቀምጣ የአስማተኞቹን ዓይነት ታስረዳኝ ጀመር። ከመጽሐፍ ተምሮ የሚደግም አለ፤ ከመንፈስ ጋር ተዋውሎ የሚሠራ አለ፤ ኮከብ አይቶ የሚናገር አለ፤ ከደመናና ከዛፍ ጋር የሚነጋገርም አለ። አንዱን ከሌላው መቀላቀል ትልቅ ስሕተት ነው አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አየችና «ተይው በቃ፣ ይከብድሻል» ብላ ስልኳን ወደ ራሷ አዞረች።

ለእኔ ይከብደኛል እንግዲህ። ይህ ጉዳይ እኮ ከአንኮበር በታች ባለች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በደርግ ዘመን፣ በነሐሴ ጭቃ፣ ቀኑን ሙሉ ክርክር ተደርጎበት ያለቀ ጉዳይ ነው። ለየዓይነታቸው አግዳሚ ወንበር እየጎተትኩ የደረደርኩት እኔ ነኝ። አንደኛው አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ደግሞ አባቴ ነበር።

አባቴ በረዶ መላሽ ነበር። ለማያውቅ ልንገር። ገብሱ ሲያሸት፣ ባቄላው ሲያብብ በረዶ ያዘለ ደመና ከመጣ አንድ ሰው ጉብታ ላይ ይወጣል፤ ቀንድ ይነፋል፤ ማረሻ ሽቅብ ይተክላል፤ ደመናውን የሰው ማሳ ውስጥ እንደገባ በሬ ይቆጣዋል። ደመናው ከሰማ መንገዱን ይቀይራል። ካልሰማ አገሩ በዚያ ዓመት ጦሙን ያድራል። ለዚህ ድካሙ አዝመራ ሲገባ በየቤቱ እህል ይሰፈርለታል። ሥራውን ከአባቱ ወርሶታል፣ አባቱም ከአባቱ።

ሥራው ግን ሕግ አለው። ከሰኔ ሚካኤል እስከ መስቀል ድረስ በረዶ መላሽ ጠጉሩን አይቆረጥም፣ ወንዝ አይሻገርም፣ አይዋሽም። ጠጉሩና ወንዙ ማንንም አልጎዱም። እኛን የጨረሰን አለመዋሸቱ ነው።

ሰው በቀን ውስጥ ምን ያህል እንደሚዋሽ የሚያውቀው ከማይዋሽ ሰው ጋር የኖረ ብቻ ነው። እናቴ ክረምት ክረምት ጠላ ጠምቃ ጎረቤት አትጠራም ነበር፤ እንግዳ ፊት «ቀጥኗል» እንዳይላት። አራስ ጥየቃም ይዛው አትሄድም። አንድ ሐምሌ ይዛው ሄዳ፣ ሕፃኑን አቅፈው «ማንን ይመስላል?» ቢሉት ጥቂት አየውና የጎረቤታቸውን ስም ጠራ። ሁለቱ ቤቶች እስከ ዛሬ አይጠያየቁም። ለቅሶ ቤት ደግሞ ሰው ሁሉ «ደግ ሰው ነበር፣ ቸር ነበር» ሲል አባቴ ወደ ጣሪያው እያየ ዝም ይላል። ዝምታው ከስድብ ይብስ ነበር።

መስቀል አልፎ ደመራው ሲነድ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ቀልዱ፣ ግነቱ፣ ቅጥፈቱ አይጣል ነው። ክረምቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ውሸት በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል። እናቴ ዓመት ጠብቃ «ቆንጆ ነኝ?» ብላ የምትጠይቀውም ያኔ ነው።

ደርግ ሲመጣ ይህ የቤታችን ቀልድ አደጋ ሆነ። የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ «የምትደግፉ እጃችሁን አንሡ» ሲባል አባቴ አያነሣም። ሊቀመንበሩ የእናቴ የአክስት ልጅ ነው፤ «ለምን አልደገፍክም?» ሲለው «አልገባኝማ» ይላል። ካነሡት ውስጥ ማንም አልገባውም ነበር። ሊቀመንበሩ «ኧረ ባክህ፣ ዝም አይነቅዝም» እያለ ቢመክረው ቢመክረው አልሆነለትም፤ በመጨረሻ በጀርባ ሕመም አሳቦ በክረምት ከስብሰባ ነፃ አወጣው። ሕመሙን ለሰው የሚያወራው ራሱ ሊቀመንበሩ ነበር። አባቴማ ቢጠየቅ ጀርባው ደህና መሆኑን ይናገራል።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። የአገሩ ገብስ ቆሞ የእኛ ገብስ በየዓመቱ ይመታ ነበር። ከጉብታው ሥር ያለችው ማሳችን ላይ በረዶው እንደ ቀጠሮ ይወርዳል። ሌላው ሰው ሲያጭድ እኛ የተኛ ገብስ ከጭቃ እንለቅማለን። ከዚያ በየቤቱ ለአባቴ የሚሰፈረውን እህል ይዘን ዓመቱን እናዘግማለን። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር። እናቴም ባለቀሰች ቁጥር አንድ ተረት ነበራት። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ አንተ ጭራሽ ረሳኸን» ትለዋለች። እሱ ተነሥቶ ላማችንን ሊያይ ይወጣል። እኔ ደብረ ብርሃን ሄጄ አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ነገሩን ቆርጬ ነበር። በረዶ የሚመልስ ሰው የለም፤ ካለም አባቴ አይደለም።

በዚያ ክረምት የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ሆኜ እዚያው አገሬ ተመደብኩ። ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ከደብረ ብርሃን አንድ ካድሬ በጭነት መኪና መጣ። ወጣት ነው፤ ጉንፋን ይዞታል፤ የከተማ ጫማው ጭቃ ውስጥ እየቀረ በየእርምጃው ይመለስለታል። ክፉ ሰው አልነበረም። የመጣበት ጉዳይ ግን ክፉ ነበር። ጥንቆላ ከአውራጃው እንዲጠፋ ታዟል፤ ጠንቋዮች ተሰብስበው በሕዝብ ፊት ግለ ሒስ ያደርጋሉ፤ «ሥራዬ ውሸት ነው» ያለ ቤቱ ይገባል፤ አልልም ያለ በመኪናው ደብረ ብርሃን ለተሐድሶ ይወሰዳል። ተሐድሶ ሄዶ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። እንዲያውም ስለዚያ የሚጠይቅ አልነበረም።

በአገራችን ሞራ ገላጭም ነበረን፤ የታረደ በግ ሞራ አይቶ የሚመጣውን የሚናገር። እሱ ለፍልሰታ ፍቺ ያረደውን በግ ሞራ ገልጦ አየና ሥጋውን እንኳ ሳይበላ በዚያው ሌሊት ደነባ ዘመዶቹ ዘንድ ሄደ። ከሁሉም ሥራውን በትክክል የሚያውቅ እሱ ኖሯል።

የቀሩት አራት ነበሩ። አንደኛው ደብተራው ነው፤ ለራስ ምታትና ለዓይነ ጥላ ክታብ ይጽፋል። ሁለተኛው ከአልዩ አምባ በርበሬ ጭነው የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ኮከብ ይቆጥራሉ እየተባለ ስለሚወራ ከገበያ መንገድ ተይዘው ነው። ሦስተኛዋ ባለውቃቢዋ ናቸው፤ ባልቴት ናቸው፤ ውቃቢያቸው ሲመጣ ያጓሩና በወንድ ድምፅ ለጠያቂው ይናገራሉ። አራተኛው አባቴ ነው። ጠጉሩ ጆሮውን ሸፍኗል፤ ቀንዱን በብብቱ ይዟል።

ካድሬው አንድ ረጅም አግዳሚ አመለከተና «ጠንቋዮች እዚህ ተቀመጡ» አለ። ማንም አልተቀመጠም። ጠንቋይ የሚባል ሰው የለም ነበራ። ደብተራው ወደ ባለውቃቢዋ አየ፤ ባለውቃቢዋ ወደ ሽማግሌው አዩ፤ ሽማግሌው በመስኮቱ ወደ በርበሬያቸው አዩ።

«እኔ የፊደል ሰው ነኝ» አለ ደብተራው። «የምጽፈው ከመጽሐፍ ነው። ጠንቋይ ከየትም አምጥቶ ይናገራል። ማንበብ ከማይችል ጋር ደግሞ አብሬ አልቀመጥም።»

«የእኔ ሒሳብ ነው» አሉ የአልዩ አምባው ሰው። «የሰውየውን ስም ከእናቱ ስም ጋር ደምሮ በአሥራ ሁለት መግደፍ ነው። የቀረውን እነግረዋለሁ። ወላሂ፣ መንፈስ የሚባል ደጄን ረግጦ አያውቅም።»

ባለውቃቢዋ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ጠንቋይ ራሱ ነው የሚያወራው» አሉ። «እኔ ምንም አልናገርም። እሱ ሲመጣ አፌን አውሰዋለሁ፤ ሲጨርስ ይመልስልኛል።»

አባቴም «እነዚህ ሁሉ ሥራቸው ከሰው ጋር ነው» አለ። «እኔ የማነጋግረው ደመና ነው። ከማንኛቸውም ጋር አይደለሁም።»

ካድሬው አፍንጫውን በመሐረብ ያዘና ወደ እኔ ዞረ። «የአገሩ ልጅ አንቺ ነሽ፤ በየዓይነታቸው ለያይልኝ» አለ። ያን ጊዜ ነው አግዳሚ መጎተት የጀመርኩት። ደብተራው ለጥቁር ሰሌዳው ቅርብ ካልሆንኩ አለ፤ ፊደል ስላለበት። ሽማግሌው በርበሬያቸውን በሚያዩበት በኩል ፈለጉ። ባለውቃቢዋ በሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ እንግዳቸው መግቢያው ሲጠብ ይቆጣል አሉ። አባቴ መስኮቱ ሥር ያለውን መረጠ። ሰማዩን ለማየት ነው። ሕዝቡ ከኋላና ከውጭ በመስኮት ሆኖ ይመለከታል፤ እናቴም እዚያ ናት።

ካድሬው ሁሉንም በመደብ መተንተን ጀመረ። ደብተራው የፊውዳሉ ሥርዓት ቅሪት ሆነ፤ አልተቃወመም። ሽማግሌው ነጋዴ ስለሆኑ ንዑስ ከበርቴ ተባሉ፤ «ትልቅም ንዑስም አይደለሁ፣ በርበሬዬ እየረጠበ ነው» አሉ። ባለውቃቢዋ ላይ ሲደርስ ቸገረው። መሬትም ጥሪትም የላቸውም፤ ጭቁን ናቸው።

«ውቃቢው ከየት ነው የመጣው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ከመንዝ።»

«በሕይወት ሳለ… ማለቴ፣ መሬት ነበረው?»

«ውይ፣ ሰፊ ርስት ነበራቸው እንጂ። እስከ ሰላ ድንጋይ ነበር የሚገዙት።»

የካድሬው ፊት በራ። በዚያ ቀን ደስ ብሎት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ውቃቢው ባላባት ነው፤ ባለውቃቢዋ ደግሞ የውቃቢው ጢሰኛ ናቸው። በጉልበታቸውና በአፋቸው ሲበዘበዙ ኖረዋል። ይህን ለሕዝቡ ረዘም አድርጎ አስረዳ። ሕዝቡም አጨበጨበ፤ ባለውቃቢዋም አብረው አጨበጨቡ።

ግለ ሒሱ ቀለል ብሎ ነበር የጀመረው። ደብተራው ተነሥቶ «ውሸት ነው፤ እውነቱ ቀለሙና ብራናው ብቻ ነው» አለ። የእጅ ጥበብ ሠራተኛ ተብሎ ተሰናበተ። ሽማግሌው «መደመሩ ልክ ነው፣ የቀረው ውሸት ነው» አሉ። ካድሬው ሒሳብ በማወቃቸው ተደስቶ፣ ገበያ በመጡ ቁጥር የእኔን ጎልማሶች መደመር እንዲያስተምሩ አዘዛቸው። በኋላ እንዳየሁት ጎበዝ አስተማሪ ነበሩ፤ የሚያስደምሩት ግን የተማሪዎቹን የእናት ስም ነው።

ባለውቃቢዋ ተራቸው ሲደርስ «እኔ በእሱ ጉዳይ ምን ቤት ነኝ? እሱ ራሱ ይበል» አሉ። ካድሬው አሰበና ተስማማ። እሳቸው ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣሉ፣ ተንቀጠቀጡ፣ አጓሩ። ከዚያ ከዚያች ትንሽ ሴትዮ ውስጥ የጎርናና ወንድ ድምፅ ወጣ።

«እኔ የለሁም» አለ ውቃቢው። «ኖሬም አላውቅም። ያታለልኩትን ሰፊ ሕዝብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ካድሬው «አመሰግናለሁ፣ ጓድ» አለው፤ ለማን እንዳለ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ወዲያው መሐረቡን ፊቱ ላይ አደረገ።

አባቴ ቀረ። እነዚያ ሦስቱ በቀልድ ያለፉት ነገር እሱ ጋ ሲደርስ ቀልድ እንደማይሆን አውቃለሁ።

«አባት፣ እርስዎም በረዶ መመለስ ውሸት ነው ይበሉና ቤትዎ ይግቡ» አለ ካድሬው።

«እላለሁ» አለ አባቴ። «ከመስቀል በኋላ።»

«ለምን ከመስቀል በኋላ?»

«አሁን መዋሸት አልችልማ።»

ካድሬው ቃሉን ደጋግሞ ሲያገላብጠው ከፊቱ ይነበብ ነበር። «ከመስቀል በኋላ ውሸት መሆኑን ያምናሉ ማለት ነው?»

«አላምንም። እላለሁ ነው ያልኩህ። በደስታ እልልሃለሁ። ከፈለግህ እስከ ደብረ ብርሃን በእግሬ መጥቼ እልልሃለሁ።»

«እንግዲያው አሁን እውነት ነው እያሉኝ ነው።»

«አንተ ጠየቅኸኝ እንጂ እኔ ምን አልኩ?»

ሊቀመንበሩ ጣልቃ ገባ። አባቴ ዝም ይበል፣ ዝምታው እንደ እሺታ ይቆጠር አለ። አባቴ አሰበበትና፣ ዝምታዬ እሺታ መሆኑን እያወቅሁ ዝም ካልኩ ያው መዋሸት ነው ብሎ እንቢ አለ። ራስህን ብቻ ነቅንቅ አሉት፤ አይሆንም አለ። በመስኮት የሚያዩት ገበሬዎች አንድ በአንድ ይለምኑት ጀመር። ነገሩን ልብ ብሎ ላየው የሚገርም ነው። የሚለምኑት በረዶ መላሽነቱን ስለሚያምኑ ነው፤ የሚለምኑት ደግሞ ውሸት ነው እንዲል ነው፤ ካለ ደግሞ በረዶ መላሽነቱ ይፈርሳል። ይህን ሁሉ እሱ ብቻ ነበር ያሰበው።

እኔ ተናደድኩ። ሰው ሁሉ በሚሰማበት «አባባ፣ ለእኛ ስትል አንዲት ቃል በል። ምን ትሆናለህ?» አልኩት። አባቴ አየኝና «እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው፣ ልጄ» አለኝ። መሽቶ የሚያድርበት እስር ቤት መሆኑን እያወቀ ነው እንዲህ የሚለኝ።

ካድሬው መጨረሻ ላይ ያችን ጥያቄ አነሣ። አገሩን ሁሉ እየዞረ ሲጠይቅ ሰምቷታል መሰለኝ። «በረዶ መመለስ ከቻሉ የራስዎ ማሳ በየዓመቱ ለምን ይመታል?»

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የያዝኩት ጥያቄ ነው። እናቴ መስኮቱን ይዛ ቆማለች።

«እሱን ለአንተ አልናገርም» አለ አባቴ። አልናገርም ማለት በሕጉ ውሸት አይደለም።

«እንግዲህ ይነሡ» አለ ካድሬው። የአውራጃው ሰዎች ባዶ መኪና ይዞ ቢመለስ ምን እንደሚሉት ያውቃል፤ ሌሎቹ ደግሞ በገዛ እጁ ሠራተኛ፣ አስተማሪና ጭቁን ሆነውበታል። የቀረው ጠንቋይ አባቴ ብቻ ነው። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። እናቴ ጋቢውንና በጨርቅ የቋጠረችውን ቆሎ በመስኮት አሳልፋ ሰጠችው። ከበስተኋላዋ፣ ከደብረ ብርሃን በኩል፣ ሆዱ የጠቆረ ደመና ተነሥቶ ወደ እኛ እየመጣ ነበር። አባቴ ቆሎውን እንደያዘ ደመናውን ያያል። እስከ ደብረ ብርሃን ስንት ወንዝ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

ያኔ በሩ አጠገብ ያሉት ባለውቃቢ ተነሡ።

እሳቸውና አባቴ ለብዙ ዓመት አይነጋገሩም ነበር። አንድ ክረምት መንገድ ላይ አግኝተውት «እንዲያው አንተ ውቃቢዬን ታምንበታለህ?» ብለው ጠየቁት፤ «አላምንም» አላቸው። በክረምት መጠየቅ አልነበረባቸውም።

«ቆይ፣ ልጄ» አሉት ካድሬውን። «የምትፈልገው ጠንቋይ ነው?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«እሱ ጠንቋይ አይደለም። ጠንቋይዋ እኔ ነኝ።»

«እርስዎማ ነፃ ወጥተዋል። ውቃቢው ራሱ የለሁም ብሏል እኮ።»

ነጠላቸውን ጣሉ፤ አጓሩ። «አለሁ» አለ ያ ጎርናና ድምፅ።

«የለሁም ብለህ አልነበር?» አለ ካድሬው። ለመንፈስ እየመለሰ መሆኑን አሁን ጭራሽ አላስተዋለም።

«ዋሸሁ» አለ ውቃቢው። «እኔ ዓመቱን ሙሉ ነው የምዋሽ።»

ከዚያ በራሳቸው ቀጭን ድምፅ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ። «ባቄላዬ አበባ ላይ ነው። ይህን ሰው ወንዝ እንዳታሻግሩብኝ» አሉት። ከእናቴ እጅ ሌላ ቆሎ ተቀበሉና፣ አባቴን ሳያዩት፣ በጭቃው ውስጥ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ መኪናው ሄዱ። ካድሬው ተከተላቸው። እንዲሳፈሩ እጃቸውን ይዞ ደገፋቸው።

አባቴ ወደ ጉብታው ሮጠ። መኪናው ዳገቱን ሲወጣ ቀንዱ ይሰማ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤቱ በር ቆሜ አየሁ። ደመናው ከባልቴቲቱ ባቄላ በላይ መጣ፣ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ወደ ጉብታው ዞረ። እንቁላል የሚያህለው በረዶ የእኛን ገብስ ከዳር እስከ ዳር አስተኛው። ከባቄላው አንዲት አበባ አልረገፈችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን አላነጋግረውም ነበር። አንዲት ቃል ከአፉ ከምትወጣ እኛን ሊበትን ወደደ፤ አንዲት አሮጊት በእሱ ፋንታ ስትሄድ ዝም አለ፤ ያን ሁሉ ታግሎ ያተረፈውም የሰው ባቄላ ነው። እንዲህ እያሰብኩ እቃጠል ነበር። እሱም አላስቸገረኝም። ማታ ማታ ከጉብታው ወርዶ ይቀመጣል፤ የምጠይቀው ነገር እንዳለ የሚጠብቅ ይመስል ፊቱን ወደ እኔ ያደርጋል። እኔ ደግሞ ዳዊት እንደሚደግም ሰው የማስተማሪያ መጽሐፌን ዓይኔ ሥር እደቅናለሁ።

መስቀል ደረሰ። በማግስቱ አባቴ ጠጉሩን ተቆረጠ፣ ጢሙን ተላጨ፣ ቆሎ ቋጠረና ደብረ ብርሃን በእግሩ ወጣ። ካድሬውን ፈልጎ አገኘው። የሆነውን በኋላ ካድሬው ራሱ ነው የነገረኝ። ቢሮ ውስጥ ላሉት ሁሉ «በረዶ መመለስ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፤ ሴትዮዋም ጠንቋይ አይደሉም፤ በሕይወታቸው አጓርተው አያውቁም፤ ሲስሉ ነው ሰው የተሳሳተው» አላቸው። እያማረበት፣ እየጨመረበት፣ ምስክር እየጠራበት ዋሸ። ክረምቱን ሙሉ ያጠራቀመው ነበረው። ቢሮው ውስጥ የነበሩት በሳቅ ወደቁ፤ ሳቁ ሳይበርድ ሴትዮዋን ለቀቁለት።

ሁለቱ አብረው በእግር ተመለሱ። ባልቴቲቱ ከስተዋል፤ ፊታቸው ጠቁሯል። መጀመሪያ የሄዱት ወደ ባቄላቸው ነው። ካፈራው እሸት አንዱን ፈልቅቀው አዩና «ደህና ሰንብቶልኛል» አሉ። አባቴ ባርኔጣውን አነሣና፣ ዓመታት ያልተነጋገሩ ሰዎች አይመስሉም፣ «ባላባቱስ እንዴት ናቸው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ደህና ናቸው። ሰላም በለው ብለውኛል» አሉት።

በዚያ ምሽት እኔም ኩርፊያዬን ተውኩ። እራት ቀርቦ ነበር። የጠየቅሁት በድንገት ነው። «አባባ፣ በረዶ ተመለሰ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም አይደል? የሆነ ቦታ መውረድ አለበት» አልኩት። «ወደ እኛ ማሳ የምትመራው አንተ ነህ?»

አባቴ የተላጨ አገጩን አሻሸና ሳቀ። «ምን ነካሽ? በገዛ ማሳው ላይ በረዶ የሚያወርድ ሞኝ የት አየሽ?» አለኝ። «ዕድል ነው እንጂ።»

እናቴ ዳቦ እየቆረሰች ነበር። ተረቷን አልተረተችም። ትልቁን ቁራሽ አነሣችና እሱ ፊት አስቀመጠችው፤ ከዚያ ወደ ምድጃው ዞራ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ቁርጥራጩን ለእኔ ሰጠችኝ።

መስቀል ካለፈ በኋላ የተሰጠ መልስ መሆኑን ያወቅሁት ተኝቼ ነው። እሱስ አንድ ወር ሙሉ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ የተቀመጠው ለምን ኖሯል?

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት ኖረ። እኔ ለሚ ከተማ አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ፤ ትምህርት ሲዘጋ በየነሐሴው አገሬ እመጣና ጉብታው ላይ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ማሳችን ከሥራችን ነው፤ ገብሱ አሽቷል። በዚያ ወቅት የጠየቅሁትን ሁሉ እውነቱን ሊነግረኝ ግዴታ አለበት። አዎ ካለኝ ልጅነቴን ሙሉ የተራብኩት እሱ አውቆ ነው፤ አይደለም ካለኝ ደግሞ ባልቴቲቱ የሄዱለት ሰው ከሌላው ሰው አይሻልም። ጥያቄው አፌ ላይ ይደርሳል፤ እሱም ቀንዱን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቀኛል። ከዚያ ስለ ላሟ እጠይቀዋለሁ። ስለ ላሟ የነገረኝ ሁሉ እውነት ነበር።